የሚያመው ሰው የሌለበት ዋርድ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የገባሁበት ዋርድ ውስጥ የሚያመው ሰው አልነበረም። አለቃዬ እንዲያ ነበር የነገሩኝ።

ሆስፒታሉ ላስታ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። እኔ ከወገል ጤና ከተማ የመጣሁ አዲስ ምሩቅ ሐኪም ነበርሁ፤ ጋዋኔ ገና ከእጥፋቱ አልተላቀቀም። አለቃዬ ዶክተር ተካ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው፤ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ንግግራቸው ግን ቁጥብ። የጠዋቱን ራውንድ ከእርሳቸው ኋላ ኋላ እየሄድሁ ዞርሁ። በየአልጋው ቆም እያሉ «እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ ታካሚው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ቀጣዩ አልጋ። ስንጨርስ እጃቸውን እየታጠቡ፣ እዚህ አገር ሰዉ ጠንካራ ነው፣ ማስታገሻ እምብዛም አያስፈልገውም አሉኝ።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ነገር አልለቅም። እናቴ «አንቺን የወለድሁት በጥያቄ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። መስኮቱ ሥር የተኛችው፣ ከገደል ወድቃ ጭኗ የተሰበረ ወጣት ሴት፣ «ተመስገን» ካለች በኋላ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ስትመልሰው አይቻለሁ። ጫፉ በጥርስ ተበልቷል። ደኅና የሆነ ሰው ሻሽ ምን ያስበላዋል? ዶክተር ተካን ብጠይቃቸው፣ ልማድ ይሆናል አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ስለ ሕመም አልጠየቅኋትም፤ ስለ ቤቷ ጠየቅኋት። የሚጠባ ልጅ እንዳላት፣ እህቷ በቀን በቀን እንደምታመጣላት፣ ነገር ግን በጎኗ ዞራ ልታጠባው እንዳልቻለች ነገረችኝ። ዞር ስትል ነፍሷ ትወጣለች። ጡቷ ሞልቶ ልጁ አጠገቧ ሆኖ ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች። ታዲያ ጠዋት ምነው ሳትነግሪን አልኋት። ግር ብሏት አየችኝና «ጠዋትማ ሰላምታ ነው» አለችኝ።

ማስታገሻ ታዘዘላት፤ ማታውን አጠባች። እኔን ግን ያቺ አንዲት ቃሏ ያዘችኝ፤ ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ በኋላ የሕመም ቃል ለቃሚ ሆንሁ። የእኛ ሰው ሕመሙን አይናገርም የሚሉ ሁሉ ጆሮ አልሰጡትም እንጂ፣ ከጠየቁት እንዴት አድርጎ ይናገረዋል መሰላችሁ! አንዱ ይወጋኛል ይላል፣ አንዱ ይጠዘጥዘኛል፣ አንዱ ይቆረጥመኛል፣ አንዱ ይነዝረኛል። አንድ ገበሬ «ወገቤን ያርሰዋል» ብሎኛል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ይህ ተረት አይደለም፣ ሥራ ነው። የሚያቃጥልና የሚነዝር ሕመም ብዙውን ጊዜ ከነርቭ ነው፤ የሚፈልገውም መድኃኒት ሌላ ነው። ሳይጠይቁ የሚያዙ ሐኪሞች ለሁሉም ያንኑ ክኒን ሲያድሉ ይኖራሉ።

ኋላ አንስቴዥያ፣ ማለት የማደንዘዣ ሕክምና፣ ተማርሁ፤ ከዚያም ወደ ሕመም ሕክምና ገባሁ። ያኔ ይህን ሥራዬ ብለን የያዝን ሐኪሞች ጥቂት ነበርን፤ ለሁላችንም አንድ ሚኒባስ ይበቃን ነበር። ማኅበር አቋቋምንና ለእኔ የሰሜን ወሎ ደጋ ደረሰኝ። ሥራዬ ሁለት ነበር። አንደኛው ሐኪሞችንና ነርሶችን ማስተማር። ሁለተኛው ስለ እነሱ ቢሮ ለቢሮ መሟገት፤ መድኃኒቱ እንዲገባላቸው፣ ሲያዙም እንዳይሸማቀቁ። ሁለተኛው ይከብዳል። የሞርፊን ሽሮፕ ስም ሲጠራ ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል። ሱስ ነው ይሉኛል። በካንሰር ለሚሰቃይ ሰው በልክ፣ በሰዓቱ፣ በክትትል ሲሰጥ ሌላ ነገር እንደሆነ አስረዳለሁ። ያዳምጡኝና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ተርተው ይሸኙኛል።

አንዴ አንድ ሆስፒታል መድኃኒቱን ካስገባን በኋላ የሚቆለፍበት ሳጥን አልከፈት አለ። ደንቡ ሁለት ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይላል። ሁለተኛው ሰው ቁልፉን ኪሱ አድርጎ ለተዝካር ወገል ጤና ወጥቷል። መድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ፣ ሕመሙ አልጋ ላይ! ተናደድሁ፤ ጮህሁም መሰለኝ። በየፈረቃው ተተኪ ቁልፍ ያዥ እንዲመደብ እስኪስማሙ ድረስ ከኃላፊው ቢሮ አልወጣሁም። ጸሐፊዋ ምሳ ጋብዛኛለች።

ከሁሉም የማልረሳው ትምህርት ጋሸና ከተማ የሰጠሁት ነው። አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተይዞብን ከሐኪሞቹ ጋር አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ተሰባሰብን። ሰኢድ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር አጠገባችን ምሳውን ይበላል፤ ሲገባ አንድ እግሩን እንደሚጎትት አይቻለሁ። ፈቃዱን ጠየቅሁና ሐኪሞቹ እያዩ «አያ ሰኢድ እንዴት ነህ?» አልሁት። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ፊቱ ፈክቶ። ዞር ብዬ፣ ምን ትጽፋላችሁ አልኋቸው። ሕመም የለም፣ አለ አንዱ። ቀጠልሁና፣ አያ ሰኢድ፣ እግርህ ከምን ከለከለህ ብዬ ጠየቅሁት። እንጀራውን አስቀመጠ። ፍሪሲዮን መርገጥ እያቃተው እንደሆነ፣ ዳገት ላይ ረዳቱ ጉልበቱን በእጁ እንደሚጫንለት፣ ይህን አሠሪው ቢሰማ ከመኪናው እንደሚያወርደው ነገረን። ከሐኪሞቹ መካከል አንዱ፣ ዶክተር ብርሃኑ የሚባል ዝምተኛ ልጅ፣ የሰኢድን እግር ወዲያው እዚያው ወንበር ላይ መመርመር ጀመረ። ይኼ ልጅ ገብቶታል አልሁ በሆዴ።

አሁን የምነግራችሁ ነገርም የመጣው በብርሃኑ በኩል ነው። እኔ ሥራ የጀመርሁበት ሆስፒታል ተመድቦ ይሠራ ነበር። ዶክተር ተካ በዚያን ጊዜ ሜዲካል ዳይሬክተር ሆነዋል፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። አንድ ጠዋት ብርሃኑ ደወለልኝና «ዶክተር፣ ሞርፊን እንዳላዝዝ ተከለከልሁ» አለኝ።

ታካሚው ከአሸተን ማርያም በታች ካለ መንደር የመጡ መሪጌታ ይኄይስ ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አከርካሪያቸው ተሰራጭቷል፤ መዳን የለም። ቀለል ያሉት ማስታገሻዎች ተሞክረው አልበቁም። ብርሃኑ የሞርፊን ሽሮፕ አዘዘ፤ ዶክተር ተካ በራውንድ ላይ ትእዛዙን ሰረዙት። ክልከላው ከጸና መሪጌታ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሞታሉ፤ ከዚያ ወዲያም በዚያ ሆስፒታል ማንም ወጣት ሐኪም ደፍሮ አያዝም። በማግሥቱ መንገድ ጀመርሁ።

ዶክተር ተካ በደስታ ተቀበሉኝ። «ጠያቂዋ መጣች» ብለው አሾፉብኝ። ወደ ጉዳዩ ስገባ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ሰውዬውን በየጠዋቱ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ደኅና ነኝ ይሉኛል። ደኅና ነኝ ላለ ሰው ሞርፊን ሰጥተን አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ቤተ ዘመድ ሲመጣ ማን ሊቆም ነው? ያ ልጅ ነው የሚታሰረው።»

ክፋት አልነበረባቸውም። ብርሃኑን መጠበቃቸው ነበር። ሌላ ቦታ አንድ ሐኪም እንዲህ ባለ ነገር ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ አይተዋል። ስለዚህ አልተከራከርኋቸውም። አብረን ሄደን እንጠይቃቸው፣ ደኅና ከሆኑ እኔም ትእዛዙ ይሰረዝ እላለሁ አልኋቸው። ቃሌን ሰጠሁ እንጂ መሪጌታን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም ነበር።

መሪጌታ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መተኛት አይችሉም። ነጠላቸው በሥርዓት ተጣፍቷል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ልጃቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከግርጌ ቆማለች። ዶክተር ተካ እንደ ወትሮው «መሪጌታ፣ እንዴት ዋሉ?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነኝ።»

ዶክተር ተካ ወደ እኔ ተመለከቱ። ብርሃኑ መሬት መሬቱን ያያል።

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምሁና «መሪጌታ፣ ሰላምታውን ጨርሰናል» አልኋቸው። «አሁን የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ይህ ሕመም ከምን ከለከለዎት?»

ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግመው ስል፣ «ዳዊት» አሉ።

ከዚያ ቀጠሉ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ዳዊት ሳልደግም ውዬ አላውቅም። አሁን አንዱን መዝሙር ስጀምር ከመሃል ይነጥቀኛል። የት እንደደረስሁ ይጠፋኛል። እንደገና እጀምራለሁ፤ እንደገና ይነጥቀኛል።» አልጋነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እሷም ይህን አታውቅም ነበር፤ አባቷ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እያየች ይደግማሉ ብላ ነው የኖረችው።

ዶክተር ተካ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር። መሪጌታ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «መድኃኒቱ አእምሮዬን ይወስደዋል ይባላል፤ እውነት ነው ልጄ?» አሉኝ። «ዳዊቱን ሕመም ወሰደብኝ፣ መድኃኒት ወሰደብኝ፣ ለእኔ ያው ነው። እንዲያ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ልዋሻቸው አልፈለግሁም። መጀመሪያ ያስተኛዎታል፣ ከዚያ አብዛኛው ሰው ይነቃል፣ ሁሉም ሰው ግን አንድ አይደለም አልኋቸው። ካልነቁ መጠኑን እንቀንሳለን፤ ይብቃኝ ካሉም እናቆማለን። ዐቢይ ጾም ነበርና የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቄሱ መድኃኒት ምግብ አይደለም ብለው ፈቀዱ። መሪጌታም «እስቲ እንየው» አሉ። ዶክተር ተካ ትእዛዙን ራሳቸው መልሰው ጻፉት፤ ፊርማው የእኔ ይሁን፣ የልጁ አይሁን አሉ።

በትንሽ መጠን ጀመርን፤ በየአራት ሰዓቱ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየለካን በአፍ። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻም አብሮ። መሪጌታ ጋደም ብለው ተኙ። አልጋነሽ አባቷ ተኝተው ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። በማግሥቱም እንቅልፍ በዛባቸው። ሲቀሰቀሱ ይነቃሉ፣ አተነፋፈሳቸውም ደኅና ነው፤ ዳዊት ግን የለም። ብርሃኑ ከአልጋቸው ራስጌ አልነቃነቅ አለ። ዶክተር ተካ በበሩ ብቅ እያሉ ያዩኝና ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሕመሙን አጥፍቼ ሰውዬውንም ያጠፋሁ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለራውንድ ስንገባ ከጥጉ አልጋ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ። አልተቋረጠም። ዶክተር ተካ እጃቸውን ዘርግተው ሁላችንንም አስቆሙን፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆመን ጠበቅን። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ዶክተር ተካ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄዱ። «እንዴት አደርህ?» አሉት፤ «ተመስገን» አለ። ከአልጋው አልሄዱም። «እሺ፤ ከምን ከለከለህ?» አሉት።

መሪጌታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አወጧቸው። አልጋነሽ ሽሮፑን መለካት ከብርሃኑ ተምራለች። ከፋሲካ በኋላ ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። የመጨረሻው ሰሞን ድምፃቸው ቢደክምም ዳዊቱን እንዳላስታጎሉ አልጋነሽ ኋላ ነግራኛለች።

ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ሲወጡ፣ ቃሬዛው ሊነሣ ሲል ቀርቤ «መሪጌታ፣ እንዴት ነዎት?» ብያቸው ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነኝ» አሉኝ። በጥሞና ነበር ያዳመጥሁት፤ ሙያዬ ነዋ። ቃሉ ያው ነው። ድምፁም ያው ነው። መተኛት አቅቷቸው በላብ ተጠምቀው ከመለሱልን መልስ የሚለይበት አንዳች ነገር ብፈልግ አጣሁ።

ስለዚህ ከእኔ በኋላ ለምትመጡ ሐኪሞች የምላችሁ ይህን ነው። ሰላምታ ስጡ፤ የሚገባ ነው። መልሱን ግን አትጻፉት። ከዚያ ተቀመጡና ጠይቁ።