ከቁጥሩ በታች ያለው ፊርማ

ሸዋሮቢት ላይ የነርሲንግ ተማሪዎቼን ይዤ ሆስፒታል ስገባ ሁልጊዜ የምደግመው አንድ ነገር ነበረኝ፦ ያልለካችሁትን አትጻፉ። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። የሙያ ሥነ ምግባር አስተማሪ ነኝና ራሴን እንደ ምሳሌ እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን በቀትር አንዱ ተማሪዬ የሙቀት መለኪያውን ይዞ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። ከአጣዬ ወዲያ የመጡ አንዲት እናት አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ይሰግዱ ነበር። ተማሪዬ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፤ ሰላት ላይ ያለ ሰው እንደማይነካ እያየ ያደገ። ሌሎቹን ለክቼ እመለሳለሁ ብሎ አለፋቸው፣ ከዚያ ረሳ። የሙቀት መመዝገቢያ ቅጹን ሊያስረክበኝ ሲል ባዶው ቦታ አስደነገጠውና የእሳቸውን የጠዋት ቁጥር ገልብጦ ሞላው። እኔ ደግሞ ከመፈረሜ በፊት የተወሰኑትን ታካሚዎች ራሴ መልሼ መለካት ነበረብኝ። የቀትሩ ሙቀት አዝሎኝ ነበር። ማራገቢያው ሥር እንደተቀመጥኩ ፊርማዬን ጣል አደረግሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትየዋ ሲንቀጠቀጡ ተገኙ፤ ትኩሳታቸው አርባ አልፏል። ሐኪሙ ደርሶላቸው ተረፉ። እኔ ግን ልጁን በጓደኞቹ ፊት «አንተ ነርስ አትሆንም!» ብዬ ጮህኩበት። ያን ጊዜ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው።

ትምህርት ክፍሉ ሲሰበሰብ ኃላፊዋ ቅጹን አንስተው፣ «መምህር፣ ሳያረጋግጡ ነው የፈረሙት?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ልጁ ቀደመኝ።

«ጋሼ ሊለኩ ተነስተው ነበር። ‹አሁን ለክቻለሁ፣ አይድከሙ› ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ያን ቀትር ግን አልተነሳሁም። ከወንበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ታላቁን ማዋረድ ነውር ሆኖበት ዋሸልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። እሱ ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት እንዲደግም ተወሰነበት። ጓደኞቹ ሲመረቁ ካባዬን ለብሼ አጨበጨብኩ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ዘንድሮ ተመለሰ። የሕሙማኑ ክፍልም ማራገቢያውም ያው ናቸው። ለክቶ ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ፤ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ቅጹን ግን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። በሌላ እጁ መለኪያውን ዘረጋልኝ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይለኩ» አለኝ።