እማዬ በመስኮቱ ብርሃን

ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው፤ ግን እንደ ሌሎቹ ስቱዲዮ የለውም። ሰው ቤት ድረስ ሄዶ፣ መጋረጃ ገልጦ፣ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ብቻ ነው የሚያነሳው። ፍላሽ የሚሉትን ነገር ስሙን መስማት አይፈልግም። «ሰው ዓይኑ ላይ ብልጭ ሲልበት ይደነግጣል፤ ማን ደንግጦ ያምራል?» ይላል። ሙያውስ አፍ ያስከፍታል፣ አልክድም። ግን ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ብርሃን ሲጨነቅ ይውልና የገዛ ቤታችን አምፖል ሲቃጠል የምቀይረው እኔ እህቱ!

አንድ ነገር ብቻ ሲያንገበግበው ኖሯል፤ የሰፈሩን እናት ሁሉ ሲያነሳ የራሱን እናት አንድም ቀን አላነሳም። እማዬ እሺ አትልም። «ይሄን የተጨማደደ ፊት ምን ልታደርገው ነው? ዞር በል ወዲያ!» ትለዋለች። ልቧ ታሞ አልጋ ስትይዝ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። እሱም ያለ አንድ ፎቶ እንዳታመልጠው ፈራ። ይለምናታል፣ ፊቷን ታዞራለች።

የማስታምማት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት መድኃኒት ልገዛ ወጣሁና እሱ አጠገቧ ቀረ። ስመለስ ቤቱ ተመሰቃቅሏል። መጋረጃው እስከ ግማሽ ተገልጧል፣ አልጋው ወደ መስኮቱ ተስቧል፣ በጨለማው በኩል ፊቷን እንዲያበራላት ነጭ አንሶላ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ወንድሜ ተንበርክኮ ካሜራውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

«እሺ አለች!» አለኝ በደስታ። «በራሷ አፍ ‹ልጄ፣ አንሳኝ› አለችኝ እኮ!»

እማዬን አየኋት። በጀርባዋ ተኝታ ሁለት እጇን ወደ እሱ ዘርግታለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ እብድ! ከተኛሁበት አንሳኝ ማለቷ ነው! ትንፋሽ ሲያጥራት እኔንም እንዲህ ነው የምትለኝ!»

መድኃኒቱን ወርውሬ፣ በብብቷ ይዤ ቀና አደረግኳትና በትራስ ደገፍኳት። ወንድሜ ከተንበረከከበት አልተነሳም። ትንፋሿ መለስ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልወጣትም። በነጋታው አረፈች።

ሌላ ፎቶ ስላልነበራት ዘመዶች ያንኑ አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት። የማያደንቀው ሰው የለም። የጠዋቱ ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፏል፣ እጆቿ ተዘርግተዋል።

«ውይ! ስትመርቅ እኮ ነው» አለች አክስታችን እንባዋን እየጠረገች። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ለመሆኑ ማነው ያነሳት?»

ወንድሜ ካቀረቀረበት ቀና አላለም።

«እህቴ ናት ያነሳቻት» አላት።