አባቴ የሠራኝ ሹሩባ

ዛሬ በአባይ ዳር ሳልፍ ጀልባ ጠጋኞች ቅጥራን ያፈሉ ነበር። ሽታው አባቴን አመጣብኝ።

በንጉሡ ዘመን ምጽዋ ላይ ባሕረኛ ነበር። ልጆች ሲወልድ ግን ባሕሩን ትቶ እዚህ ካይሮ የኤምባሲ ሾፌር ሆነ።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታለች። አባቴ ሹብራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ በጉልበቶቹ መሀል አስቀምጦኝ፣ ገመድ በለመዱ ወፍራም ጣቶቹ ሹሩባ ይሠራኛል። የድሮ የመርከብ ጓደኛው ቅጥራን ቅጥራን እየሸተተ ገባ።

«ሱዌዝ የቆመ መርከብ ሰው ይፈልጋል» አለው። «ነገ እንሂድ፤ እንደ ድሯችን!»

የአባቴ ጣቶች ጠጉሬ ውስጥ ቆሙ።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ» አለ በመጨረሻ። «መርከቡ ሌላ ባሕረኛ አያጣም። እነዚህ ልጆች ግን ሌላ አባት ከየት ያመጣሉ?»

ጓደኛው ሻዩን ጠጥቶ፣ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። አባቴም የጀመረውን ጉንጉን ጨረሰ። እናቴ ስትመለስ «ማነው እንዲህ አሳምሮ የሠራሽ?» ብላ ተገረመች።

ከዚያ ወዲህ ስለ መርከብ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አርብ አርብ ግን ወንዙ ዳር ይወስደን ነበር፤ እኛ ስንጫወት እሱ የሚያልፉትን የጀልባ ሸራዎች ቆሞ ያያል። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት፣ ሳልጠይቀው አረፈ።