የሾፌሩ እናት

የዞናችን ትልቁ ባለሥልጣን ጣርማ በር ላይ በጉም መኪናው ገደል ገብቶ በሞተ በሳምንቱ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ መሞቱን የሚያምን ሰው ጠፋ። ሳጥኑ ታሽጎ መጥቶ እንደታሸገ ተቀበረ፤ ለኛ ሰው ይህ ይበቃዋል። የተቀበረው ድንጋይ ነው ተባለ። አንዷ ማንጎ ሻጭ ባለሥልጣኑ ጀውሃ ላይ ማንጎ ገዛኝ አለች። የጭነት መኪና ሾፌሮች ደግሞ ነጭ መኪና መብራቷን አጥፍታ እስከ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ትከተለንና ትጠፋለች አሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ያናድደኛል። ግን አንዴ ከደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ሚኒባሳችን ዋሻው ውስጥ ሊገባ ሲል ሾፌሩ የኋላ ማያ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው። ከተሳፋሪው ለምን ያለ የለም። እኔም ዞር ብዬ ለማየት ወኔው አልነበረኝም።

አክስቴን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። መኪናውን ሲነዳ አብሮ የሞተው ልጇ ነበር፣ ያውም አንድ ለእናቱ። የሱም ሳጥን አልተከፈተም። ሰው ሁሉ ባለሥልጣኑን አየሁት እያለ ሲምል እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የሚነዳው ማን ነበር?" ሁሉም ወሬውን ወደ ባለሥልጣኑ ይመልሳል። ስለ ሾፌር ማን ያስባል!

የልጇ ሙት ዓመት ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ጎረቤታችን የማሾ እህል ነጋዴው ቤቷ ቁጭ ብሎ፣ ነጯን መኪና እኔም አየኋት አለ። ያንኑ ጠየቀችው። ትንሽ አቀረቀረና፣ ልጅዎ ነው እትዬ፣ ጺሙን አሳድጓል አላት።

በማግስቱ ጥቁር ልብሷን አወለቀች። ለሙት ዓመቱ ተዝካር የተዘጋጀውን ብቅል ለጎረቤት አደለችው። ሲመሻሽ አስፋልት ዳር ወጥታ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ፊቱን ታያለች። ነጭ መኪና በመጣ ቁጥር እኔም፣ ሞኟ፣ አብሬያት አያለሁ። አንዳንዱ ሾፌር ቀስ ሲል አንገቴን አስግጌ ጺሙን እፈልጋለሁ።

ቄሱ መጡ፣ የእድሩ ሰዎች መጡ፤ ነፍሱን አታንገላቺ ብለው ለመኗት። አልሰማም አለች። በመጨረሻ ነጋዴው ራሱ ጨነቀውና መጣ።

"እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወላሂ ምንም አላየሁም። አዝኜልዎት ነው" አላት።

ትጮህበታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጁን ያዘችው።

"ያኔውኑ አውቄብሃለሁ፤ ማመን አማረኝ እንጂ" አለችው። "ግን አገር ሙሉ ስለዚያች መኪና ሲያወራ፣ የኔን ልጅ ያስታወሰው አንተ ብቻ ነህ።"