ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሟቹ በር ከፈቱላቸው

ዛሬ ጠዋት እዚሁ አሶሳ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ሐሚድ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ሲያለቅሱ በሩን የከፈተላቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሳቸው ጋሽ ሐሚድ!

ለካ የሞተው ሌላ ሐሚድ ነው። (እኔም ለቅሶውን ሰምቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጥቼ ነበር።)

እንግዳው አቶ ታደሰ ከገነተ ማርያም ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የመጡት። ሁለቱ አብረው ሠልጥነው አንድ ምሽግ ውስጥ የተዋጉ ወታደሮች ናቸው።

ማሠልጠኛ ሳሉ በረመዳን አቶ ታደሰ የጓደኛቸውን ምሳ ኮፍያቸው ውስጥ ደብቀው እስከ ማፍጠሪያ ያቆዩ ነበር። አንድ ቀን ተያዙና ጠጠር ላይ በደረታቸው ሲሳቡ ዋሉ። የማን ምሳ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላሉም።

"ወላሂ አለሁ! በቃ አታልቅስ" አሉ ጋሽ ሐሚድ።

"እንባዬን ጨርሰህብኛል፤ ስትሞት እንዳትጠራኝ!"

ሳቅን። ቆይተው ግን አቶ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። "ሃያ ዓመት መንገዱ ራቀኝ እያልኩ ቀረሁ። ሞተ ሲሉኝ በማግስቱ ተነሳሁ። ነገ እመለሳለሁ።"

"የት አባክ! ለቅሶ የመጣ ሰው ሦስት ቀን ይቀመጣል። ተቀመጥ።"

ተቀመጡ።

እናንተስ፣ ሳይረፍድ የደረሳችሁበት ወዳጅ አላችሁ? አጫውቱኝ።