እናቴ ሰባት ቤት ስታስቆጥር

ሥራዬ የላም ልብ ማጠብ ነው። በትክክል ልናገር ካልኩ ልቡን ሳይሆን ልቡን የሚሸፍነውን ስስ ከረጢት ነው፤ ለታመመ ሰው የልብ ቫልቭ የሚሠራው ከእሱ ነው። የላቦራቶሪያችን ጣጣ ሁሉ ካልሲየም ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የተተከለው ቫልቭም ከዓመታት በኋላ ካልሲየም ይይዘውና ይደርቃል፤ መከፈትና መዘጋት ያቅተዋል። ይህ እንዳይሆን ከረጢቱን በልዩ ልዩ ፈሳሽ ዘፍዝፈን፣ አጥበን፣ እንጠብቃለን። ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ እግዜር ለቅጣት የሰጠኝ ሥራ ይመስለኛል።

እናቴም ከእንዲህ ያለው ቫልቭ አንዱን በደረቷ ይዛለች። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪሙ ጥያቄ እንዳላት ሲጠይቃት፣ ላሟን ያረደው ክርስቲያን መሆኑን ማወቅ ፈለገች። እኔ አፍሬ አልተረጎምኩላትም። የተረጎመችላት ጓደኛዬ ናት። ሐኪሙ አላውቅም ሲል፣ በዚያው ዕለት እናቴን በመኪናዋ ወደ ንስሐ አባቷ ወሰደቻት። ቄሱም መድኃኒት ሥጋ አይደለም ብለው ፈቀዱላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከእኔ ይልቅ እሷን ትወዳለች ብዬ እቀና ነበር።

ጓደኛዬ ስል የምወዳት፣ አብራኝ የምትኖረው ሴት ማለቴ ነው፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ትሠራለች። እናቴ ግን የምታውቃት በደባልነት ነበር። ሚድ ሲቲ ሰፈር ባለው አፓርታማችን፣ እኛ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ነበረን። በየማለዳው ማንም ያልተኛበትን አልጋ አንሶላ እናተራምሳለን። ሦስት ዓመት ሙሉ።

ከዚያ ልጅ ፈለግን። ኢንሹራንሱ ሕክምናውን ለመሸፈን መካንነቴን አረጋግጪ አለ፤ ማረጋገጫው ደግሞ ከወንድ ጋር አንድ ዓመት ሞክሮ አለማርገዝ ነው። ስልክ ያነሳችው ሴት ስለ ባሌ ጠየቀችኝ። ያለችኝ ሴት ናት ስላት ያንኑ ደንብ እንደገና አነበበችልኝ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ይግባኝ ብንጽፍም እንቢ አሉን። ሁለት ጊዜ በራሳችን ገንዘብ ሞከርን፤ ሁለቱም አልያዘም። ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ሙከራ መርፌ ስጀምር፣ ጓደኛዬ ለእናቴ እንድነግራት ጠየቀችኝ። የእናቴን ልብ ሰበብ አደረግሁ።

«ልቧንስ ሐኪም ጠግኖታል» አለችኝ። «የፈራሽው ለራስሽ ነው። እኔ ልጄን በደባልነት አላሳድግም። ካልነገርሻት ይህኛው ይቅር።»

ዛሬ ነገ ስል እናቴ ቀደመችኝ። ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬው ጀርባ የደበቅኩትን መርፌ አገኘችው። ልቤ ታሞ የደበቅኳት መሰላት፤ በሽታዬን አውርሼሽ ነው ብላ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት። መርፌው ለእርግዝና መሆኑን፣ ዘሩን የለገሰው የማናውቀው ሰው መሆኑን፣ ሁለተኛው አልጋ ውሸት መሆኑን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ጓደኛዬ ከሥራ ያመጣችው የጾም ወጥ ሳይነካ ያድራል። ከሁለቱ አንዷን እንደማጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ልንወጣ ጫማ ስናደርግ እናቴ ከክፍሏ ወጣች። ዘሩን የሰጠው ያገራችን ሰው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አይደለም አልኳት። ዘመድ አለመሆኑን ስታውቅ አማተበች። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞረች።

«አንቺስ? ሰባት ቤትሽን ቁጠሪልኝ።»

እናቴ ይህን የጠየቀችው ወንድሜ እጮኛውን ቤት ይዟት የመጣ ቀን ብቻ ነው። ደባል ሰባት ቤት አይጠየቅም።

ጓደኛዬ አንድ ጫማ በእጇ እንደያዘች ከአባቷ ጀምራ መቁጠር ያዘች። አምስተኛው ላይ ጠፋባት። አገር ቤት ላሉት አክስቷ ደወለች፤ አክስቷም ማን ሊያገባት እንደሆነ ጠየቁ። እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

«እኛ ቤት ናት እትዬ» አለች። «እስቲ እርስዎ ይጨርሱልኝ።»

እናቴ የእኛን ሰባት ቤት በጣቷ እየቆጠረች እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አንድም ስም አልገጠመም።

«በዝምድና አትነካኩም» አለች። ነገሩ ገና እንዳልገባት፣ ለንስሐ አባቷም ምን እንደምትል እንደማታውቅ ነገረችን። እኔ ሳለቅስ ቀጠሮው እንዳያልፍብን ተቆጣችኝ።

ስንመለስ የሁለተኛው አልጋ አንሶላ ታጥፎ፣ ፍራሹ ኮሪደሩ ላይ ተደግፎ ነበር። በዚያ ልቧ ፍራሽ ለምን እንደጎተተች ጮኼ ጠየቅኳት።

«ሕፃኑ የት ሊተኛ ነው?» አለችኝ።