የጠዳው እርግብ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ እኔ ጋ መጥቶ መኖር ጀመረ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሰው ካላናገረው ቀኑን ሙሉ ዝም ይላል። አንድ ቀን ከፒያሳ ሲመለስ ባጃጅ የገጫትን እርግብ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። ክንፏ ተሰብሮ መብረር ባትችልም ተረፈች። አባቴም ከእሷ ጋር ማውራት ጀመረ።

ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ማሽላ ይበትናል። የዱር እርግቦች ከየጎረቤቱ ጣራ እየወረዱ ሲለቅሙ የእኛዋ በረንዳው ላይ ሆና ታያቸዋለች።

«ዘመዶችሽ መጡልሽ» ይላታል።

እኔን ግን ብቸኝነቷ ያሳዝነኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ልደርስ ጠዳ ሄጄ ስመለስ፣ ከገበያ አንድ ወንድ እርግብ ገዛሁላት። ዓይኑ ፈዘዝ ብሏል፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ነርስ ሆኜ ሳለ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን አባቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደ ሞቶ አገኘሁት። አውጥቼ ጣልኩትና ለአባቴ «በሩን ስከፍት በረረብኝ» አልኩት። እንዳያዝን ብዬ ነው ማለት እችላለሁ። እውነቱ ግን እንዳይታዘበኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የእኛዋ አንገቷ ይጠመዘዝ ጀመር። እህል ልትለቅም ስትል መንቁሯ ይስታል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

«መድኃኒት የለውም። እየመገባችሁ ካቆያችኋት ግን ልትተርፍ ትችላለች» አለን። ቀጠለና «አዲስ ወፍ አስገብታችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ቀደመኝ። «ልጄ አንድ ገዝታ ነበር፤ ደህና ነበር፣ በረረ።»

«እንግዲያው ከዱር እርግቦች ይሆናል። ከእነሱ ጋር በአንድ ዕቃ ውሃ ትጠጣለች?»

«ትጠጣለች» አለ አባቴ፤ ድምፁ ወረደ። እኔ ወለሉን አያለሁ።

ከዚያ በኋላ የተቀቀለ ምስር አድቅቀን በሲሪንጅ እናጎርሳት ጀመር። እኔ ሥራ ስውል እሱ ብቻውን፣ በፎጣ ጠቅልሎ ያጎርሳታል። ማሽላውን ግን ተወ። የዱር እርግቦቹ ጣራው ላይ ተደርድረው ሲጠብቁት እያጨበጨበ ያባርራቸውና ፊቱን አዙሮ ይገባል።

«በሽታውን የጠራሁባት እኔ ነኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«ተው አባዬ» አልኩት። ሲሪንጁን ላጥብ ተነስቼ ወጣሁ።

ሁለት ወር ፈጅቶ ዳነች፤ አንገቷ ትንሽ ዘንበል እንዳለ ቀረ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። የነገርኩት ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ቁርስ እየበላን ሳለ ነው።

የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ምነው ያኔ በነገርሽኝ!» አለ። «የእሷስ ይሁን፣ ድናለች። እነዚያን ምስኪኖች ግን ምን በደሉኝ ብዬ አባረርኳቸው?»

በማግስቱ አብረን ማሽላ በተንን፤ አንድም አልወረደም። በሳምንቱ ሁለት መጡ። አባቴ ጭብጥ ማሽላ ይዞ እጁን ገና ሲያነሳ ብር ብለው ጠፉ።

«እጄን ያውቁታል» አለና ማሽላውን ወደ ጣሳው መለሰ።

አሁን የምበትነው እኔ ነኝ። ከእኔ አይሸሹም። አባቴ እንዳያዩት መጋረጃውን ገርበብ አድርጎ በመስኮት ያያቸዋል።